ሰባተኛዋ ፊልም

ሞላሌ ላይ ክረምት ሲከብድ ጉሙ እንደ ሰው በር አያንኳኳም፤ ዘው ብሎ ይገባል። ያን ቀንም እንደ ልማዱ ገብቶ በይታየው ቤት ምሰሶ ዙሪያ ሲንጎራደድ፣ ይታየው እግሮቹን በሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን በቀኝ እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጉልበቱ ላይ ከተዘረጋው መጽሐፍ ላይ ተክሎ ነበር። ሲሠራ ከባናው፣ ከወፍራሙ የበግ ጠጉር ልብስ፣ አንድ ክንድ ይሸምናል፣ አንድ ገጽ ያነባል። የዚያን ቀን ግን ሦስት ገጽ አንብቦ ክንዱ ገና ግማሽ አልደረሰም።

«የአዛለች ባና ዛሬም አላለቀም?» አሉ እናቱ ወይዘሮ ወለተኪዳን፣ የበግ ጠጉር እየፈተሉ።

«ትንሽ ቀረው እማዬ።»

«ትንሽ የቀረውስ መጽሐፉ ነው! ሴትዮዋ በብርድ ልታልቅ ነው፣ አንተ ከወረቀት ጋር ትጫወታለህ።»

«እማዬ፣ መርከቡ ሊሰጥም ነው።»

«የምን መርከብ?»

«መጽሐፉ ውስጥ ያለው።»

«ሞላሌ ቁጭ ብሎ ስለ መርከብ መጨነቅ! ይስጠም!» አሉና እንዝርታቸውን አሾሩ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ሰዎቹስ? ተረፉ?» ብለው ጠየቁ።

ይታየው ሳቀ። ያ የሐምሌ አጋማሽ በሕይወቱ ብዙ የሳቀበት ጊዜ ነበር።

መጽሐፎቹ የእሱ አይደሉም። የፀደንያ ናቸው። ፀደንያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ናት፤ የእነ ይታየውን የጓሮ ክፍል ተከራይታ ስትኖር ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ጋሽ አጥናፉ መሐል ሜዳ ውስጥ ስንቱን ያስተማሩ፣ በጡረታ የተገለሉ ርዕሰ መምህር ናቸው። ይታየው ደግሞ ስምንተኛን እንደ ጨረሰ አባቱ ሞቱና ከትምህርት ቤቱ ወንበር ተነሥቶ ከአባቱ የሽመና ጉድጓድ ገባ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አገሩ ባናውን ይለብስለታል፤ ያመሰግነዋልም። ሸማኔውን ግን ለልጁ ባልነት የሚያስብ የለም። ይታየው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ ከፀደንያ ጋር የተነጋገረው ሁሉ ቢለቀም አንድ ገጽ አይሞላም፤ «እንደምን አደርሽ ቲቸር፣» «ውኃው መጥቷል ቲቸር፣» «ደህና እደሪ ቲቸር።»

ሐምሌ ላይ ለክረምት ትምህርት ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄድ ነው ነገሩ የተለወጠው። ሻንጣዋን አስጭና ስታበቃ ከመንገድ ተመለሰችና የክፍሏን ቁልፍ እጁ ላይ አኖረችው።

«ቤቱ ካፈሰሰ መጽሐፎቼን አንሣልኝ። ካነሣሃቸው በኋላ ደግሞ ዝም ብለህ አትያቸው፤ አንብባቸው። ፊልምም እይ። ለአንድ ወር ያነበብከውንና ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ።»

«እኔ?»

«አንተ ነሃ! የጣልኳቸውን ጋዜጦች እያነሣህ እንደምታነብ አላውቅም መሰለህ?»

ይታየው እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ቁልፉ መዳፉ ውስጥ እስኪሞቅ ድረስ ቆሞ አውቶቡሱን ሸኘ።

ያ ክረምት ኔትወርክ የጠፋበት ነበር። ስልክ ቢደወል አይሰማም፤ ጽሑፍ ቢላክ አይደርስም። ደብዳቤ የሚያመላልሰው የአውቶቡሱ ሹፌር ፈንታ ነው። ፈንታ ደብዳቤውን ከፊቱ ባለው የፀሐይ መከላከያ ሥር ይሰካና፣ ሲያስረክብ እንደ ባለሥልጣን ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ይታየው የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለመጻፍ ሦስት ምሽት ፈጀ። አንድ ፊደል ከተጠራጠረ ገጹን ይቀድና እንደገና ይገለብጣል።

«የመርከበኛውን መጽሐፍ ጨረስኩ፣» ሲል ጻፈ። «ባሕር አይቼ አላውቅም። ግን ጓሳ ላይ ጉም ሲወርድ መሬቱ ስለሚጠፋ፣ ባሕር ማለት እንዲያ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እናቴ ሰዎቹ መትረፋቸውን ስነግራት ተመስገን አለች። ሁለተኛው ስለ ከተማዋ ሀብታም ሴት የሚያወራው ነው። ሁለት መቶ ገጽ አለው፤ ሴትዮዋ መቶውን ገጽ አለቀሰች። ሥራ ቢኖራት ይህን ያህል ባላለቀሰች ነበር።»

ለፊልሙ ወደ ትዕዛዙ ሄደ። ትዕዛዙ አብሮ አደጉ ነው፤ ገበያው ዳር ስልክ ይጠግናል፣ ሚሞሪ ላይም ፊልም ይጭናል።

«ምን ዓይነት ልጫንልህ? ድብድብ ነው ለቅሶ?»

«የሰው ፊልም።»

«ሁሉም የሰው ነው ጌታው፤ የበግ ፊልም የለኝም።»

ስለዚያ ፊልም ደግሞ እንዲህ ሲል ጻፈላት፤ «ልጅቷ ዝናብ ውስጥ ቆማ ትጠብቀዋለች። እሱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ያያታል፤ ሙዚቃም አለ። እኛ አገር ቢሆን መጀመሪያ ከጣራ ሥር ያስጠልላት ነበር፤ ሙዚቃው በኋላ ይደርሳል።»

መልሱ በአራተኛው ቀን መጣ። «ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣» ትላለች ፀደንያ በተጣደፈ የእጅ ጽሑፏ። «አንዱን ጊዜ ክፍል ውስጥ ስለነበር ሳቄ አመለጠኝና መምህሩ አስወጣኝ። ሌላ ጻፍልኝ። በአንተ ምክንያት ስባረር ደስ ይለኛል።»

ይታየው ይህችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከመወርወሪያው ጋር ከወዲያ ወዲህ ሲመላልሳት ዋለ። ድሩም ማጉም እሷው ሆነች። ማታ እናቱ ባናውን ገልጠው አዩና፣ «ዛሬስ እጅህ ምን ነካው? እንዲህ ጥቅጥቅ ያለ ሥራ ከአባትህም አላየሁ፣» አሉት።

ሐምሌ እንዲህ እያለ አለቀ። ስድስት መጽሐፍ፣ አምስት ፊልም፣ አራት ደብዳቤ። ከዚያ ፍልሰታ ገባ።

ይታየው ፍልሰታን ከልጅነቱ ጀምሮ አጥብቆ ይጾማል። በዚያ ዓመት ደግሞ ሐምሌን ሙሉ ፊልም ላይ አፍጥጦ ማሳለፉ ከነከነው። አፍ ብቻ ሳይሆን ዓይንም ይጹም ሲሉ ቄሱ ሲያስተምሩ ሰምቶ፣ እስከ ፍቺው ቀን ፊልም ላያይ ተሳለ። መጽሐፍ ግን ያነባል፤ መጽሐፍ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ኃጢአቱም ቀስ ያለ መሰለው።

በተሳለ ማግስት፣ ነሐሴ ሁለት ቀን፣ ፈንታ ጉሮሮውን ጠራርጎ አንድ የክብሪት ቀፎ ሰጠው። ውስጡ በጥጥ የተጠቀለለች ሚሞሪና አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበሩ። «ሰባት ፊልሞች ናቸው። ሰባተኛዋ አጭር ናት፤ እሷን ቀድመህ እያት። መልስህን እጠብቃለሁ። ፀደንያ።»

ይታየው ሚሞሪዋን በጣቱ ይዞ ብዙ ቆመ። ስእለት ስእለት ነው። ደግሞስ መልስ የተባለው እንደ ሌላው ጊዜ ስለ ፊልሙ አስተያየት አይደለም? አሥራ አራት ቀን ቢቆይ ምን ይሆናል? እውነቱን ጽፎ መንገር ይችል ነበር። ግን አፈረ። እሷ የተማረች ናት፤ ዓይኔም ጾመኛ ነው ቢላት ክፍል ውስጥ ያመለጣትን ዓይነት ሳቅ የምትስቅ አልመሰለውም። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤

«የላክሽው ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ፊልሞቹ ለጊዜው ይቆዩኝ። መጽሐፎቹ ይበቁኛል።»

ከዚያ ስለ ሰባተኛው መጽሐፍ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ።

ለዚያ ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ፈንታ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት፣ ባዶ እጁን ከመስኮት እያወጣ አሳየው። ይታየው ፈተና ይዟት ይሆናል አለ። ደግሞ ስለ ሰባተኛው መጽሐፍ የጻፍኩት አሰልችቷት ይሆናል አለ። መጽሐፉን እንደገና አነበበውና ጥፋቱን ሊያገኘው አልቻለም። ቀኖቹ እንደ ረጠበ ጠጉር ከበዱት።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ቀን ጾሙ ተፈታ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ እናቱ ያቀረቡለትን ቀምሶ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገባና ስልኩን ድሩ ላይ አስደግፎ አቆመው። ስእለቱን ጨርሷል፤ ደስ ብሎታል። እንደ ታዘዘው ሰባተኛዋን ከፈተ።

ሙዚቃ የለም። የተዋናይ ስም የለም። ፀደንያ ብቻ ናት፤ የተማሪ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቢጫ ሻሿን እያስተካከለች።

«ይታየው፣ ይሄ ፊልም አይደለም። ማለቴ ፊልም ነው፤ ግን ተዋናይዋ እኔ ነኝ።» ሳቀች። ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «በፍልሰታ ፍቺ ማግስት አባቴ ቤት ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ሰውየው ባንክ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። አባቴ እሺታውን ለእኔ ትቶታል። ለዚያ ወደ አባቴ ቤት ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እነዚያን ደብዳቤዎች የምትጽፋቸው ለመጽሐፎቹ ብለህ ነው ወይስ ለእኔ? ለመጽሐፎቹ ከሆነ አልቀየምህም። ለእኔ ከሆነ ግን… ንገረኝ። እኔ በበኩሌ በልቤ ያለውን አውቄዋለሁ። እጠብቃለሁ።»

አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ። ስልኩ ጠቆረ።

ይታየውን መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ እንደ ፀሐይ ድንገት የገባ። ወዲያው የራሱ ደብዳቤ ትዝ አለው። ለጊዜው ይቆዩኝ። መጽሐፎቹ ይበቁኛል። አንድ በአንድ በጥንቃቄ የጻፋቸው፣ አንድም ስሕተት የሌለባቸው ቃላት፣ እንደ ድንጋይ ተራ በተራ ደረቱ ላይ ወደቁ።

«ምን ሆንክ?» አሉ እናቱ። «ፊትህ ባና መሰለ።»

«እማዬ፣ መሐል ሜዳ ልሄድ ነው።»

«በፍስክ ቀን?»

«ለቲቸር መልስ ሳልሰጣት ቀርቻለሁ። ጠይቃኝ ነበር፤ እኔ ግን…»

ወይዘሮ ወለተኪዳን እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ልጃቸውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ አዩት። «ሁለት ዓመት ሙሉ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «መቼ ነው ይሄ ልጅ አፍ የሚያወጣው እያልኩ ስጠብቅህ ነበር። ሂድ። በርኖስህን ደርብ፤ ብርድ ነው።»

በበዓል ቀን አውቶቡስ የለም። ትዕዛዙ ግን ሞተር አለው። ይታየው ከፀደንያ መጽሐፎች ወፍራሙን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተ፤ ባዶ እጁን ደጃፍ ላይ መቆም ስላስፈራው ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር። ሁለት ጊዜ ተንሸራተቱ፤ አንድ ጊዜ ወርደው ገፉ። ዝናቡ ከጎን ይመታቸዋል።

«ምን ልትላት ነው?» ብሎ ጮኸ ትዕዛዙ ከፊት።

«አላውቅም!»

«ካየሃቸው ፊልሞች አንዱን ንግግር ውሰድ እንጂ!»

«እነሱ የሚናገሩት ዝናብ ውስጥ ሆነው ነው!»

«እኛስ ምን ውስጥ ነን ወንድሜ?»

መሐል ሜዳ ሲደርሱ ትዕዛዙ ከአጥሩ ውጭ ከአንድ ሱቅ ጣራ ሥር ቀረ። ይታየው ብቻውን ገባ። በሩን የከፈቱለት ጋሽ አጥናፉ ራሳቸው ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል።

«ግባ ልጄ፣ ግባ። ዝናብ አይምታህ። ከየት ነህ?»

«ከሞላሌ ነኝ ጋሼ። የቲቸር ፀደንያን መጽሐፍ ልመልስ ነው።»

ጋሽ አጥናፉ ፌስታሉን ፈትተው መጽሐፉን አዩና መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «ይሄማ የእኔ ነው! ከመደርደሪያዬ የወሰደችው። ማን አነበበው?»

«እኔ።»

«ሁሉንም?»

«አዎ ጋሼ። ሁለት ጊዜ።»

«እኔ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። መሐሉ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲሞት መታገሥ አቃተኝ።»

«ከመሐሉ በኋላ ይሻላል። የተረፉት ቤት ይሠራሉ።»

ጋሽ አጥናፉ ወንበር ሳቡለት። ስንተኛ ክፍል እንደ ሆነ ጠየቁት፤ ስምንተኛ አላቸው። ሥራውን ጠየቁት፤ ባና እሸምናለሁ አላቸው። «እህ» አሉ። በዚያ «እህ» ውስጥ ይታየው ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው አጥር ነበር።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ፀደንያ ሳህን ይዛ ወጣች። አየችው። ሳህኑ እጇ ላይ ቀረ። ከስታለች። ዓይኗ ለአንዲት ቅጽበት በራ፤ መብራቱን ግን ራሷው መልሳ አጠፋችው።

«መጽሐፎቹ በቁህ?» አለችው።

ይታየው ከመቀመጫው ተነሣ። ከበርኖሱ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። ዕድሜ ልኩን ቃላት ከጉሮሮው ላይ ደርሰው ሲመለሱበት ኖረዋል፤ አሁንም ሊመለሱ ሲሉ ተሰማው። በወረቀት ቢሆን ኖሮ ቀድዶ እንደገና ይጽፍ ነበር። እዚህ የሚቀደድ ገጽ የለም።

«አልበቁኝም፣» አለ።

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ።

«ያቺን ሰባተኛዋን ዛሬ ጠዋት ነው ያየኋት። ዛሬ፣ ጾም ከፈታሁ በኋላ። በፍልሰታ ፊልም ላላይ ተስዬ ነበር። ዓይኔም ይጹም ብዬ… ይህን ልነግርሽ አፈርኩ። ያ ደብዳቤ መልስ አልነበረም። እንደ ጠየቅሽኝም አላወቅሁም።»

ፀደንያ አፏን በእጇ ጀርባ ያዘች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታለቅስ እንደ ሆነ ፈራ፤ ግን ሳቅ ነበር፤ ቀጥሎ ለቅሶ ሆነ፤ ከዚያ ሁለቱም ተቀላቀሉ። «ይታየው! እኔም እኮ ጾሜያለሁ! ፍልሰታ ሥጋና ቅቤ እንጂ ስልክ ይከለክላል ብዬ በምን ልወቅ? አሥራ አራት ቀን ሙሉ… አሥራ አራት ቀን!»

«የምን ፊልም ነው?» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

ይታየው ወደ እሳቸው ዞረ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ በሽማግሌ ነበር መነገር የነበረበት። ሽማግሌ እስክሰበስብ ግን ነገ ይደርሳል።» ከዚያ ወደ እሷ ተመለሰ። «ለአንቺ ነው ፀደንያ። የጻፍኩት ሁሉ ለአንቺ ነው። የመርከቡም፣ የሴትዮዋም። መጽሐፎቹን መውደድ የጀመርኩት ጣትሽ የነካቸው ስለሆኑ ነው፤ ኋላ ለራሳቸውም ወደድኳቸው። ሸማኔ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ነኝ፤ ይህን ታውቂያለሽ። የምታውቂው መስሎኝ የነበረውን፣ ያልነገርኩሽን ልነግርሽ ነው የመጣሁት። እወድሻለሁ።»

ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ጋሽ አጥናፉ ልጃቸውን አዩ። «አንቺ፣ ነገ ለሚመጡት እሺ ብለሽኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር አባዬ። መልስ የመጣልኝ መስሎኝ ነው። መልሱ ለካ ገና አልተነሣም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ መጣ።» እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «በጭቃ ተለውሶም ቢሆን መጣ።»

ጋሽ አጥናፉ መስኮቱ ዘንድ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆየ።

«ሰው የሚለው ይታወቃል፣» አሉ ሳይዞሩ። «የርዕሰ መምህር ልጅ ለሸማኔ ይላል። ከነገ ጀምሮ ይላል። እኔም ሳልለው የምቀር ሰው አልነበርኩም።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አርባ ዓመት አንብቡ፣ አንብቡ እያልኩ ስለምን ኖርኩ። ፈተና ሳይኖርበት፣ ማንም ሳይገርፈው ያነበበ ሰው ደጄ ሲመጣ፣ ሥራህ ምንድን ነው ብዬ ብመልሰው በራሴ አፍራለሁ።» ዞሩ። ፊታቸው ቁጡ ለመምሰል ይታገላል። «የነገዎቹን አክብሬ ተቀብዬ፣ ልጄ አልፈቀደችም ብዬ አክብሬ እመልሳለሁ። አንተ ደግሞ ሽማግሌ ላክ። የሚናገሩት እነሱ ናቸው፤ አንተ እቤትህ ትቀመጣለህ! እንዲህ ሰው ቤት ገብቶ በራስ አፍ መናገር ሁለተኛ እንዳይደገም!»

«እሺ ጋሼ።»

«ደግሞ የመጽሐፉን መጨረሻ አትንገረኝ። ዛሬ እጀምረዋለሁ።»

ፀደንያ እስከ በሩ ሸኘችው። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ከጣራው ጠርዝ ጠብታ ብቻ ይወርዳል። በበሩ ክፈፍ ሥር ጎን ለጎን ቆሙ። ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረው እንዲህ ተቀራርበው ቆመው አያውቁም።

«አባቴ ፊት ትናገራለህ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም፣» አለችው።

«እኔም አላሰብኩም።»

«ስድስቱን ፊልሞችስ? አየሃቸው?»

«አንዱንም አላየሁም።»

«አትያቸው። ስመለስ አብረን እናያቸዋለን፤ እማማ ወለተኪዳንም፣ አንተም፣ እኔም።» ጣቶቿ በርኖሱ ውስጥ ገብተው የቀዘቀዘ እጁን አገኙት። ያዘችው፤ ምንም አላለችም፤ እሱም ምንም አላላትም። እንደዚያ ያለ ዝምታ ይታየው በየትኛውም መጽሐፍ አላነበበም። እንዲያልቅም አልፈለገም።

ከአጥሩ ውጭ ትዕዛዙ ከሱቁ ጣራ ሥር ወጥቶ ሮጠ። «እ? ምን አልካት? ምን አለችህ? አባትየውስ? ዱላ አለ? ኧረ ተናገር፣ ሞቼልህ!»

ይታየው አፉን ከፈተ፤ ፈገግታ እንጂ ቃል አልወጣውም። ከትዕዛዙ ኋላ ወጥቶ ተቀመጠ። የሚበቃውን ያህል፣ ምናልባት የዓመቱን ሁሉ፣ ዛሬ ተናግሮ ጨርሶ ነበር፤ ደረቱ ግን ገና ሙሉ ነበር።